የሽጉጡን ምላጭ የሳበው የማን ጣት ነው?

(በተማሪዎች ኅብረት የፊልም ውይይት ምሽት የቀረበ ንግግር)




ዛሬ ማታ የምንነጋገርበት ፊልም በስፔን አገር የተሠራ፣ ፍቅርና ምኞት፣ ቅናትና በቀል እንደ ድርና ማግ የተጠላለፉበት ታሪክ ነው። ስሙ በአገሩ ቋንቋ «ካርኔ ትሬሙላ» ይባላል፤ ወደ ቋንቋችን ብንመልሰው «የሚንቀጠቀጥ ሥጋ» እንደ ማለት ነው። ሠሪው ፔድሮ አልሞዶቫር ሲሆን ለሕዝብ የታየው በ1997 ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ይህን ፊልም ለውይይት ለማቅረብ ባሰብን ጊዜ ሁለት ዐይነት ተቃውሞ ሰምተናል። አንደኛው ወገን «ዝሙትና ተኩስ የሞላበትን ሥራ በተማሪዎች ጉባኤ ፊት ማቅረብ ምን ይጠቅማል?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ይህ ሰውን ለማስለቀስ የተሠራ ሜሎድራማ ነው፤ የአጋጣሚ ክምር እንጂ ቁም ነገር የለበትም» ይላል። ሁለቱንም ወገኖች እናከብራለን፤ ነገር ግን ሁለቱም ፊልሙን ከደጃፍ ቆመው ያዩት ይመስለናል። ወደ ውስጥ ለገባ ሰው የፊልሙ ጥያቄ ግልጽ ነው። አንድ ሰው በጥይት በተመታ ጊዜ ጥፋተኛው ማን ነው? ጣቱ በሽጉጡ ምላጭ ላይ የተገኘው ሰው ነውን? ወይስ በላዩ ሆኖ ያንን ጣት የተጫነው? ነገ ዳኛ፣ መምህር፣ ሐኪም ወይም ሹም ለመሆን ለምንዘጋጅ ሰዎች ይህ ጥያቄ የሲኒማ ቤት ጨዋታ ሆኖ ሊቀር አይገባም።

የኛ አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። በቀል ሁልጊዜ አንድ ጥፋተኛ ብቻ ይፈልጋል፤ አንድ ጥፋተኛ ብቻ ለማግኘት ደግሞ የታሪኩን እኩሌታ መሸፈን ያስፈልገዋል። ታሪኩ በሙሉ በተገለጠ ዕለት በቀል የሚቆምበት መሬት ያጣል። ይህን ከፊልሙ እያመሳከርን ለማስረዳት እንሞክራለን፤ ፊልሙ ደካማ መስሎ በታየን ቦታም ሳንደብቅ እንናገራለን።

በአውቶቡስ ውስጥ የተወለደው ልጅ

ፊልሙ የሚጀምረው በማድሪድ ከተማ፣ በ1970 በጃንዋሪ ወር፣ በሌሊት ነው። የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጇል፤ የዐዋጁም ቃል በራዲዮ ይሰማል። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። በዚህ ሌሊት ኢሳቤል የምትባል ወጣት ሴተኛ ዐዳሪ ምጥ ይይዛታል። ዶኛ ሴንትሮ የምትባለው የቤቱ እመቤት ደግፋ ታወጣትና መኪና ፍለጋ ወደ መንገድ ይወርዳሉ። የሚያገኙት ግን ሥራውን ጨርሶ የሚመለስ አንድ ባዶ አውቶቡስ ብቻ ነው። ነጂው ቢያንገራግርም በግድ ይሳፈራሉ፤ ልጁም እዚያው በአውቶቡሱ ውስጥ ይወለዳል። ስሙ ቪክቶር ይባላል። ኢሳቤልን ሆና የምትጫወተው ፔኔሎፔ ክሩዝ ናት፤ ከአልሞዶቫር ጋር ስትሠራ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። የምትታየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ቢሆንም ያን ሌሊት ያየ ተመልካች አይረሳትም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ያስቃልም ያሳዝናልም። ወሬው በዜና ፊልም ይነገራል፤ ሹማምንት መጥተው እናቲቱን ይጐበኛሉ፤ የከተማው የአውቶቡስ ድርጅትም ልጁ ዕድሜውን ሙሉ በነፃ የሚሳፈርበት ወረቀት ይሰጠዋል። ልብ በሉ፤ ዜጎች የመናገርና የመሰብሰብ መብታቸውን በተነጠቁበት ሌሊት የተወለደ ልጅ፣ ከመንግሥት የተሰጠው ነፃነት በአውቶቡስ የመዞር ነፃነት ብቻ ነው።

ስለ ዘመኑ ጥቂት ማለት ይገባናል፤ ምክንያቱም ነገሩ ተማሪን የሚመለከት ነው። ጄኔራል ፍራንሲስኮ ፍራንኮ የእርስ በርሱን ጦርነት በ1939 ካሸነፈ ጀምሮ ኖቬምበር 20 ቀን 1975 እስከ ሞተበት ድረስ ስፔንን በብቸኝነት ገዝቷል። በጃንዋሪ 1969 ኤንሪኬ ሩዋኖ የሚባል የሕግ ተማሪ በፖሊስ እጅ እንዳለ ከሰባተኛ ፎቅ ወድቆ ሞተ። ፖሊስ «ራሱን ገደለ» አለ፤ ተማሪዎቹ ግን ይህን ቃል አልተቀበሉም። በዩኒቨርሲቲዎቹ የነበረውም ሁከት ባሰበት። ጃንዋሪ 24 ቀን መንግሥት በመላው አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጀ፤ ነገሩንም ለሕዝብ ያስታወቀው የማስታወቂያ ሚኒስትሩ ማኑኤል ፍራጋ ኢሪባርኔ ነበር። አሳብን የመግለጽ፣ የመሰብሰብና የመደራጀት መብት ታገደ፤ የመኖሪያ ቤት አለመደፈርም ታገደ፤ ሰውን ያለ ፍርድ ቤት ከ72 ሰዓት በላይ ማሰር የሚከለክለውም ድንጋጌ ታገደ። ይህ ሁሉ እስከ ማርች ወር ድረስ ቆየ። አልሞዶቫር ልደቱን በ1970 ቢያደርገውም ከጀርባው የቆመው ፍርሃት ይኸው ነው።

አልሞዶቫር ራሱ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። በ1949 በላ ማንቻ ገጠር ተወለደ፤ በወጣትነቱ ወደ ማድሪድ መጥቶ ለብዙ ዓመታት በቴሌፎን ኩባንያ በጸሐፊነት ሠራ። በትርፍ ጊዜው በትንሽ የእጅ ካሜራ ፊልም ያነሣ ነበር። በ1980 የመጀመሪያውን ረጅም ፊልም ካሳየ በኋላ በሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ፍራንኮ የሚባል ሰው እንዳልነበረ አድርጎ ዘመኑን ሆን ብሎ ይዘለው ነበር። ይህም ራሱን የቻለ በቀል ነው፤ ጠላትን በስሙ አለመጥራት ነው። በዚህኛው ፊልም ግን ያን ዘመን በመክፈቻው ላይ በግልጽ አቆመው። ለምን እንዳቆመው መጨረሻው ላይ እንመለስበታለን።

አምስት ሰዎችና አንድ ጥይት

ሃያ ዓመት ያልፋል። ፍራንኮ ሞቷል፤ አገሩም በሕገ መንግሥት ይተዳደራል። ቪክቶር ጎልማሳ ሆኗል፤ የሚጫወተውም ሊቤርቶ ራባል ነው። ኤሌና የምትባል የኢጣልያ ዲፕሎማት ልጅ ከጥቂት ቀናት በፊት በዳንስ ቤት አግኝቶ ኖሮ ልቡ ተሰቅሏል። እሷ ግን ረስታዋለች። ቀጠሮ አለኝ ብሎ ቤቷ ሲሄድ የምትጠብቀው አደንዛዥ ዕፅ የሚያመጣላትን ሰው ሆኖ ያገኛታል። «ውጣልኝ» ትለዋለች፤ «አልወጣም» ይላል። ሽጉጥ ታነሣለች፤ ይታገላሉ፤ ጥይት ይባርቃል። ማንም አልተመታም፤ ነገር ግን ጎረቤት ሰምቶ ፖሊስ ይጠራል።

የሚመጡት ፖሊሶች ሁለት ናቸው። ሳንቾ በዕድሜ የገፋ፣ መጠጥ የሚያበዛ፣ ሚስቱን ክላራን በቅናት የሚያሠቃይ ሰው ነው። ዳቪድ ወጣትና ረጋ ያለ ነው፤ ሐቪየር ባርዴም ይጫወተዋል። በክፍሉ ውስጥ ቪክቶር ኤሌናን ይዟል፤ ሳንቾ ሽጉጡን ደግኖ ይጮኻል፤ ዳቪድ ሁለቱንም ለማብረድ ይጥራል። ኤሌና እንድትወጣ ባደረገ ጊዜ ዐይን ለዐይን ይተያያሉ፤ ፍቅር በዚያች ቅጽበት ይጀመራል። ወዲያው ሳንቾ ቪክቶር ላይ ይወድቃል፤ ሁለቱ በሽጉጡ ላይ ይታገላሉ፤ ጥይት ይተኰሳል፤ ዳቪድ ይወድቃል።

ፍርድ ቤቱ የፈረደው በቪክቶር ላይ ነው። ሽጉጡ በእጁ፣ ጣቱም በምላጩ ላይ ነበረና። ዳቪድ ወገቡ ተመትቶ ከዚያ ቀን ጀምሮ በተሽከርካሪ ወንበር ይኖራል። ኤሌና የጸጸት ብዛት ሕይወቷን ለውጦት ዕፁን ትታ ዳቪድን ታገባለች፤ ቤተ ሰብ ላጡ ልጆችም ማሳደጊያ ታቋቁማለች። በ1992 በባርሴሎና የፓራሊምፒክ ውድድር ዳቪድ በተሽከርካሪ ወንበር ቅርጫት ኳስ ሲጫወት ሕዝብ ያጨበጭብለታል፤ ቪክቶር ይህን የሚያየው በእስር ቤት ቴሌቪዥን ነው። ኤሌና ከተመልካቾች መካከል ቆማ ለባልዋ ስትጮኽ ያያታል። በቀሉ እዚያ ይፀነሳል።

ለብዙ ጊዜ ተመልካቹም እንደ ፍርድ ቤቱ ያምናል። ኋላ ግን የተሸፈነው እኩሌታ ይገለጣል። ዳቪድ በዚያን ጊዜ የባልደረባው የሳንቾ ሚስት የክላራ ወዳጅ ነበረ። ሳንቾም ይህን ያውቅ ነበር። በግብግቡ መካከል የቪክቶርን ጣት በምላጩ ላይ ተጭኖ ጥይቱን ወደ ዳቪድ የላከው ሳንቾ ነው። ቪክቶር የታሰረው በሌላ ሰው ቅናት ነው፤ ዳቪድ ሽባ የሆነው በራሱ ምስጢር ነው፤ ኤሌና በጸጸት የተዳረችው ያልሠራችውን ኀጢአት ለመካስ ነው። አምስቱም ሰዎች ለዓመታት የኖሩት በአንድ የሐሰት ቃል ላይ ነበር። ያንን ሐሰት ከመጀመሪያው ሳንቾና ዳቪድ ሊያፈርሱት ይችሉ ነበር፤ ዝም አሉ። አንዱ የቅናቱን ሥራ ለመሸፈን፣ ሌላው የዝሙቱን።

አንድ ትንሽ ነገር እንጨምር። በዚያች ክፉ ማታ በኤሌና ቤት ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው በ1955 በሜክሲኮ የተሠራ የሉዊስ ቡኙኤል ፊልም ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ አንድ ሕፃን ሞግዚቱ እንድትሞት በልቡ ይመኛል፤ በዚያው ቅጽበት ከመንገድ የመጣ ተባራሪ ጥይት ይገድላታል። ሕፃኑ አድጎ ዕድሜውን ሙሉ ነፍሰ ገዳይ ነኝ ብሎ ያምናል፤ ዳኛው ግን በምኞት ብቻ ሰው አይከሰስም ብሎ ያሰናብተዋል። አልሞዶቫር ይህን ፊልም እዚያ ያስቀመጠው ለጌጥ ብቻ አይመስለንም። በአንዱ ፊልም ምኞቱ እያለ እጁ የለበትም፤ በሌላው እጁ እያለ ምኞቱ የለበትም። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ተመልካች «ጥፋተኛ» የሚለውን ቃል ሲናገር ይጠነቀቃል።

ሦስት ዐይነት በቀል

ቪክቶር ከእስር ሲወጣ እናቱ በካንሰር ሞታለች። ከእሷ የወረሰው ጥቂት ገንዘብና ላ ቬንቲያ በሚባል ድኻ ሰፈር ያለች አንዲት ደሳሳ ቤት ነው። ከሰፈሩ አጠገብ ዘንበል ተደርገው የተሠሩ መንትያ የመስታወት ሕንጻዎች ይታያሉ፤ የአዲሲቱ ማድሪድ ሀብት ማለት ናቸው። በመቃብር ቦታ አባቷን ልትቀብር ከመጣችው ከኤሌና ጋር ይገናኛል፤ ዘግይታ ከደረሰችው ከክላራም ጋር እዚያው ይተዋወቃል። «አጋጣሚ በዛ» የሚሉት ወገኖች እዚህ ላይ ይሥቃሉ። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፤ በአንድ ምስጢር የታሰሩ ሰዎች በአንድ ከተማ ሲኖሩ ሳይገናኙ መቅረታቸው ይልቅ ያስገርም ነበር። የሜሎድራማ አጋጣሚ፣ ሰዎቹ ሊያዩት ያልፈቀዱትን የእርስ በርስ ትስስር በግድ የሚያሳያቸው መንገድ ነው።

የቪክቶር በቀል እንግዳ ነው። ኤሌናን ሊገድላት አይፈልግም፤ በእሱ ፍቅር እንድትያዝ አድርጎ ሊተዋት ነው የሚያስበው። ለዚህም ብሎ ከክላራ ዘንድ የፍቅርን ጥበብ ይማራል፤ ኤሌና ባቋቋመችው ማሳደጊያም ያለ ደመወዝ ለመሥራት ይገባል። ነገር ግን ሕፃናቱን እያጫወተ፣ የፈረሰውን እያቃና ሲውል በቀሉ ከእጁ ይሟሽሻል። በመጨረሻም የልቡን አሳብና የጥይቱን ምስጢር ራሱ ለኤሌና ይነግራታል። የበቀሉን ዕቅድ ለተበቃዩ መንገር በቀልን መተው ማለት ነው።

የዳቪድ በቀል በካሜራ ነው። ቪክቶርን ከመኪናው ሆኖ ይሰልላል፤ ከክላራ ጋር ያለውን ግንኙነት ፎቶግራፍ ያነሣል። ኤሌና ወደ ቪክቶር ማዘንበሏን ባወቀ ጊዜ ያንን ፎቶግራፍ ይዞ ወደ ሳንቾ ይሄዳል። በዚህ ሥራው፣ ሳንቾ በቪክቶር ጣት እንደ ተጠቀመ ሁሉ፣ ዳቪድ ደግሞ በሳንቾ ጣት ይጠቀማል። ተበዳይ የነበረው ሰው የበዳዩን ዘዴ ተምሮ ተገኘ። ይህ በፊልሙ ውስጥ እጅግ አስፈሪው ነገር ነው ብንል አናጋንንም።

የሳንቾ በቀል ገና ከመጀመሪያው ተፈጽሟል፤ ሆኖም አላጠገበውም። ወዳጅዋን ሽባ አደረገው፤ ሚስቱ ግን አልተመለሰችለትም። በመጨረሻ ሳንቾና ክላራ በቪክቶር ደሳሳ ቤት ውስጥ በተኩስ ይሞታሉ።

በዚህ ሁሉ ጨለማ መካከል አንድ ትዕይንት አለ። ዳቪድ ቪክቶርን ለማስፈራራት ቤቱ ድረስ ይመጣል፤ ይመታዋልም። በዚያው ሰዓት በቴሌቪዥን የእግር ኳስ ጨዋታ ይታያል፤ ጎል ይገባል፤ ሁለቱም ጠላትነታቸውን ረስተው በደስታ ይጮኻሉ። ከዚያ ወዲያው ወደ ጠባቸው ይመለሳሉ። በሲኒማው ቤት ሁሉም ይሥቃል። ነገር ግን ትዕይንቱ ያስተምራል። ጠላት የሚባለው ሰው ጎል ሲገባ እንደኛው የሚዘል ሰው ነው፤ ጥላቻ ይህን እንድንረሳ የዕለት ተዕለት ድካም ይጠይቀናል። አገራችን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የምትለው ለዚሁ ነው፤ ቂም ይዞ ደስታም አይሆንም።

ስለ ክብርና ስለ ሕግ

የሳንቾን ቅናት የአንድ ሰካራም ጠባይ ብቻ አድርጎ ማየት ትክክል አይደለም። በስፔን ሥነ ጽሑፍ ውስጥ የባል «ክብር» የቆየ ነገር ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት ካልደሮን ደ ላ ባርካ በጻፈው ታዋቂ ትያትር፣ አንድ መኰንን ሚስቱን በጥርጣሬ ብቻ በዋግምት ዐይነት ደሟ ፈስሶ እንድትሞት ያደርጋል፤ ንጉሡም ጉዳዩን ዐውቆ ያልፈዋል። ነገሩ በትያትር ብቻ አልቀረም። በፍራንኮ ዘመን በወጣው በ1944ቱ የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 428፣ ሚስቱን ከሌላ ሰው ጋር አግኝቶ የገደለ ባል ቅጣቱ ከአገሩ ለጊዜው መራቅ ብቻ ነበር። ይህ ድንጋጌ የተሻረው በ1963 ነው። ዝሙት ከወንጀልነት የተሰረዘው በ1978፣ ፍቺ የተፈቀደውም በ1981 ነው።

እነዚህን ዓመታት ከሳንቾ ዕድሜ ጋር አስተያዩአቸው። ሳንቾ ያደገው ሕጉ ራሱ «የሚስትህ ሕይወት በእጅህ ነው» ይለው በነበረ ጊዜ ነው። ሕጉ ተለወጠ፤ ሳንቾ አልተለወጠም። ሕግን በአንድ ቀን ስብሰባ መሻር ይቻላል፤ ሕጉ በሰው ልብ ውስጥ የተከለውን ግን ለመንቀል አንድ ትውልድ ያስፈልጋል። እንግዲህ በቪክቶር ጣት ላይ የሳንቾ ጣት ነበረ ስንል፣ በሳንቾ ጣት ላይ ደግሞ የአንቀጽ 428 ጥላ ነበረ ብንል ከእውነት አንርቅም። ይህን የምንለው ሳንቾን ነፃ ለማውጣት አይደለም፤ የእጆቹን ቍጥር በትክክል ለመቍጠር ነው።

የፊልሙ መነሻ ከሆነው መጽሐፍ ጋር ስናስተያየው ይህ አሳብ ይበልጥ ይጠራል። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሩት ሬንደል «ላይቭ ፍሌሽ» የተባለውን ልብ ወለድ በ1986 አወጣች። በእሷ መጽሐፍ ውስጥ ቪክቶር ሴቶችን በግድ የሚደፍር ወንጀለኛ ነው፤ ለንደን ውስጥ ፖሊሱን የመታውም እሱው ነው። መጽሐፉ የአንድን ጥፋተኛ አእምሮ ከውስጥ ይመረምራል። አልሞዶቫር ከዚህ የወሰደው መነሻውን ብቻ ነው፤ ጥይቱን፣ ሽባ የሆነውን ፖሊስና ከእስር የሚወጣውን ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ጥፋቱን ከአንድ ሰው ላይ አንሥቶ ለአምስት ሰዎችና ለአንድ ዘመን አካፈለው። የወንጀል ታሪኩን ወደ ሜሎድራማ የለወጠውም በዚህ ነው። የወንጀል ታሪክ ማን እንዳደረገው ሲታወቅ ያልቃል፤ ሜሎድራማ ግን ከታወቀ በኋላ ሰዎቹ እንዴት አብረው ይኖራሉ ብሎ ይጠይቃል።

ከፊልሙ የማንስማማበት

አሁን ደግሞ ፊልሙን እንከራከረው። አንደኛ፣ ቪክቶር ወደ ኤሌና ቤት የገባበትና «ውጣ» ተብሎ ያልወጣበት ነገር ቀላል ጥፋት አይደለም። አንዲት ሴት እንቢ ካለች በኋላ በቤቷ መቆም፣ ዓመታት አልፈውም በሥራ ቦታዋ መከተል፣ በፍቅር ስም ሲጠራ ያው በደል ነው። ፊልሙ በቪክቶር የዋህነት እየተመካ ይህን ቶሎ ይቅር ይለዋል። በጥይቱ ንጹሕ መሆኑ በሌላው ሁሉ ንጹሕ አያደርገውም። በመካከላችን ያሉ እኅቶቻችን ይህን ነጥብ በውይይቱ ጊዜ እንደሚያጠብቁት ተስፋ እናደርጋለን።

ሁለተኛ፣ ዕዳውን በሙሉ የከፈለችው ክላራ ናት። አንሄላ ሞሊና ይህን ሰው ስትጫወት ፊቷ ላይ የሚታየው ድካም ከንግግሯ ይበልጣል። በባልዋ ትደበደባለች፤ ዳቪድ ወዷት ትቷታል፤ ቪክቶር ተምሮባት ያልፋል። ለሌሎቹ አዲስ ሕይወት መንገድ እንዲጠረግ እሷ ትሞታለች። ዳቪድ ከሩቅ አገር ይቅርታ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይጽፋል፤ የሚጽፈው ግን ለኤሌና ነው። ለክላራ ማን ጻፈላት? ይህን ጥያቄ ፊልሙ ሳይመልሰው ያልፋል።

ሦስተኛውና ዋናው መጨረሻው ነው። በ1996 የገና ሰሞን ኤሌና ምጥ ይይዛታል፤ በመኪና ወደ ሐኪም ቤት ሲሄዱ መንገዱ በሰውና በመኪና ተጨናንቆ አላሳልፍ ይላቸዋል። ቪክቶር በማሕፀን ላለው ልጁ ይናገራል። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት እሱም እንዲሁ ሊወለድ ሲል በመንገዱ ላይ አንድ ሰው እንዳልነበረ፣ ሰው ሁሉ በፍርሃት ቤቱን ዘግቶ እንደነበረ፣ አሁን ግን ስፔን ፍርሃትን ከተወች እንደ ቈየች ይነግረዋል። የመጀመሪያው ሌሊትና የመጨረሻው ማታ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ አልሞዶቫር ፍራንኮን በመክፈቻው ላይ የጠራውም ለዚህች ቃል ሲል ነው።

ቃሉ ያስደስታል። እኛም ተደስተናል። ግን እውነት ነው? በ1977 የስፔን ፓርላማ የምሕረት ሕግ አወጣ፤ እስረኞች ተፈቱ፤ በዚያው ሕግ ግን በፍራንኮ ዘመን ሰው ያሠቃዩ ሹማምንትም ከመከሰስ ዳኑ። ብዙዎች ያለ ደም ወደ ዴሞክራሲ ለመሻገር ይህ አስፈላጊ ነበረ ይላሉ፤ አሳባቸው ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን «የወጋ ቢረሳ፣ የተወጋ አይረሳ» ነውና ነገሩ ተሸፍኖ አልቀረም። በ2007 ስለ ታሪካዊ ትዝታ የሚደነግግ ሕግ ወጣ፤ በኦክቶበር 2019 የፍራንኮ ዐፅም ከታላቁ የመታሰቢያ ስፍራ ወጥቶ ወደ ሌላ መቃብር ተዛወረ፤ በ2022 ደግሞ ሌላ ሰፋ ያለ ሕግ ተጨመረ። በጅምላ መቃብር የተጣሉትን ሰዎች የልጅ ልጆቻቸው አሁንም ይፈልጓቸዋል። እንግዲህ በ1996 ፍርሃቱ አልፎ ይሆናል፤ ዝምታው ግን አላለፈም ነበር።

እዚህ ላይ ፊልሙ ከሠሪው ይልቅ ዐዋቂ ሆኖ ይታየናል። በመጨረሻው ቃል «አለፈ» ይላል፤ በታሪኩ አካሄድ ግን የተሸፈነ በደል በራሱ ጊዜ እንደማያልፍ ያሳያል። አምስቱ ሰዎች ለዓመታት ምሕረት የመሰለ ዝምታ ኖረዋል። ኤሌና ባልዋን ታስታምማለች፤ ዳቪድ ይጨበጨብለታል፤ ሳንቾ ሥራው ላይ ነው፤ እስረኛው በእስር ቤት ነው። ሁሉም ነገር የተረጋጋ ይመስላል። ያ መረጋጋት ግን በአንድ ንጹሕ ሰው እስራት የተገዛ ነበር። እውነቱ ሲወጣ ሁለት ሰው ሞተ፤ ስለዚህ እውነት ዋጋ የለውም ማለት አይቻልም። ዋጋው የከበደው ግን በጊዜው ሳይነገር ስለ ቀረ ነው።

ለማጠቃለል

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ከዚህ ፊልም ይዘን የምንወጣው ነገር ምንድን ነው? እኛ ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ፍርድ ስንሰጥ በምላጩ ላይ ያለውን ጣት ብቻ አንይ፤ በላዩ ሌላ እጅ እንዳለ እንጠይቅ። ይህ በፍርድ ቤት ብቻ የሚሠራ አይደለም። በመኝታ ክፍላችን በሚነሣ ጠብ፣ በማኅበራችን ስብሰባ በሚቀርብ ክስ፣ በየቤታችን ከአባት ወደ ልጅ በሚተላለፍ ቂም ሁሉ ይሠራል። ሁለተኛ፣ በላይ ያለውን እጅ ማግኘት የታችኛውን ጣት ፈጽሞ ነፃ እንደማያወጣው አንርሳ፤ ቪክቶር በጥይቱ ንጹሕ ቢሆንም ለኤሌና ይቅርታ ይገባት ነበር። ሦስተኛ፣ በዳይና ተበዳይ የሚባሉት ስሞች ለዘለዓለም የተሰጡ አይደሉም። ዳቪድ ተበዳይ ሆኖ ጀምሮ ፎቶግራፎቹን ይዞ በሄደበት ሰዓት በዳይ ሆነ። ተበድያለሁ የሚል ሰው ሁሉ ያንን ሰዓት ሊፈራው ይገባል።

«ዝሙትና ተኩስ ምን ያስተምራል?» ላሉት ወንድሞቻችን መልሳችን ይኸው ነው። ፊልሙ ዝሙትን አላመሰገነም፤ ዝሙቱን ለመሸፈን የተሠራው ሐሰት ከዝሙቱ የባሰ ዋጋ እንዳስከፈለ አሳየ። «አልቃሽ ሜሎድራማ ነው» ላሉትም፣ አዎን፣ ሜሎድራማ ነው፤ ነገር ግን እንባው የሚመጣው ሰዎቹ እርስ በርስ እንደ ተሳሰሩ ዘግይተው ስለሚያውቁ ነው እንላለን።

ለውይይቱ መክፈቻ ይሆን ዘንድ አንድ ጥያቄ ትተን እንቀመጣለን። ኤሌና እውነቱን ከሰማች በኋላ ከዳቪድ ጋር መኖርዋን ብትቀጥል ኖሮ፣ ያ ይቅርታ ይባል ነበር ወይስ ሁለተኛ ዝምታ? አስተያየታችሁን፣ ይልቁንም ከኛ የማይስማማውን፣ ለመስማት ዝግጁ ነን።